ስለ ውጭ ሀገር የነፃ ትምህርት ዕድል ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ

ከውጭ ሀገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ የሻጩን ማንነት፥ የዕቃውን ዓይነት፥ ዋጋው መድንንና ማጓጓዣን የሚጨምር መሆን አለመሆኑን፥ ዕቃውም የሚደርስበትን ቀን አጣርቶ ያውቃል። ይህን ሳያደርግ የሚገዛ ቢኖር የሙያ ጓደኞቹ ሁሉ ይታዘቡታል። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ልጁ «የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘሁ» ብሎ አንድ ደብዳቤ ይዞለት የመጣ እንደሆነ፥ ደስታው ጥንቃቄውን ይቀድምና ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ሳያነብ ድግስ ይደግሳል፤ ቤቱን ወይም ሱቁን ለመሸጥ የሚነሣም አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዕድሉ ነፃ የሆነው በከፊል ብቻ መሆኑ፥ ወይም ደብዳቤው ጨርሶ ሐሰተኛ መሆኑ ሲገለጽ በቤተሰቡ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከገንዘብ ያልፋል፤ የልጁ የትምህርት ዘመን ባክኗልና።

በተለምዶ ስኮላርሺፕ የሚባለው የነፃ ትምህርት ዕድል በጠባዩ ውል ነው። ሰጪ አለው፤ ተቀባይ አለው፤ የሚሰጠው ነገር ልክ አለው፤ በተቀባዩም ላይ የሚወድቅ ግዴታ አለው። ውል መሆኑ ከታወቀ ዘንድ፥ ውል ማንበብ የዘወትር ሥራው ለሆነ ነጋዴ ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው፥ ልጁን ወይም ሠራተኛውን ወደ ውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡትን ዋና ዋና ነጥቦች በቅደም ተከተል ያስረዳል።

፩ኛ፤ «ነፃ» የሚለው ቃል ስለሚይዘው ትርጉም

በንግድ ቋንቋ ኤፍ.ኦ.ቢ. እና ሲ.አይ.ኤፍ. የሚባሉት ሁለት ዋጋዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ ማንም አስመጪ ያውቃል። በኤፍ.ኦ.ቢ. የገዛ ሰው ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው ወጪ የራሱ ነው፤ በሲ.አይ.ኤፍ. የገዛ ግን መድኑና የመርከብ ኪራዩ እስከ መድረሻው ወደብ ድረስ በዋጋው ውስጥ ተጠቃሎለታል። የነፃ ትምህርት ዕድልም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው።

ሙሉ የሚባለው ዕድል የትምህርቱን ክፍያ፥ የመኖሪያና የምግብ ገንዘብ፥ የጤና መድን፥ ብዙውን ጊዜም የአውሮፕላን ቲኬት ይከፍላል። ከፊል የሚባለው ግን ከእነዚህ አንዱን ወይም የአንዱን እኩሌታ ብቻ ይችላል። ብዙ ኮሌጆች ስኮላርሺፕ ብለው የሚሰጡት፥ በእውነቱ ሲታይ፥ ሱቅ ውስጥ ቅናሽ እንደሚባለው የዋጋ ቅነሳ ነው። ቅናሽ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ዳሩ ግን ቀሪውን ዋጋ የሚከፍል ሰው ሊኖር ግድ ነው።

ለምሳሌ ያህል የዓመት የትምህርት ክፍያው 40,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ ለአንድ ተማሪ የ20,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጠው እንበል። ቁጥሩ ሲሰማ ትልቅ ነው። ነገር ግን ቀሪው የትምህርት ክፍያ 20,000 ዶላር ነው፤ ለመኖሪያ፥ ለምግብና ለመድን ደግሞ 15,000 ዶላር ያስፈልጋል ብንል፥ ቤተሰቡ በየዓመቱ 35,000 ዶላር ማውጣት አለበት ማለት ነው። አንዱ ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ ይህ 5,250,000 ብር ይሆናል፤ ለአራት ዓመት ሲባዛም 21,000,000 ብር ነው። «ነፃ» ተብሎ የተጀመረው ትምህርት እንግዲህ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ነገር ይጨመራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ አስቀድሞ 35,000 ዶላሩ 2 ሚሊዮን ብር ያህል ነበረ። ስለዚህ በከፊል ዕድል ልጁን የላከ ወላጅ በብር ያስቀመጠው ገንዘብ ለአራት ዓመት ይበቃል ብሎ ያሰበው ሁለት ዓመት እንኳ ሳያደርስ ሊያልቅበት ይችላል። ከፊል ዕድል የሚቀበል ሰው ሂሳቡን በዛሬው ተመን ብቻ ሳይሆን ብሩ ቢወድቅ በሚሆነው ተመን ጭምር መሥራት ይገባዋል።

ፌሎሺፕ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ለከፍተኛ ትምህርት ወይም ለምርምር ለሚሄዱ የሚሰጥ ሲሆን፥ ለተማሪው በየወሩ የተወሰነ አበል ይታሰብለታል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነት ነው። ለዶክትሬት ዲግሪ የሚማር ሰው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ድረስ ለዩኒቨርሲቲው እየሠራ የትምህርት ክፍያው ይቀርለታል፤ ደመወዝም ያገኛል። ይህ በማስታወቂያ እንደሌሎቹ ስለማይነገር ብዙ ተመራቂዎች ሳያውቁት ያልፋቸዋል። የሚጠየቀውም በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ነው።

፪ኛ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ

የገንዘቡ ምንጭ ከታወቀ የውሉ ጠባይ ይታወቃል። ከዓለም ታዋቂ የነፃ ትምህርት ዕድሎች አንዱ የሆነው ፉልብራይት የተመሠረተው በንግድ ሥራ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በየሀገሩ የተረፈ ብዙ ዕቃ ነበረው። ዕቃውን ሊገዙ የፈለጉት ሀገሮች ግን የሚከፍሉት ዶላር አልነበራቸውም። ጄ. ዊሊያም ፉልብራይት የተባሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል፥ ዕቃው በየሀገሩ ገንዘብ ተሸጦ ገንዘቡ ለተማሪዎችና ለመምህራን ልውውጥ ይዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሕጉንም ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1 ቀን 1946 ፈረሙበት። ዛሬ ገንዘቡ በየዓመቱ ከአሜሪካ መንግሥት በጀት የሚመደብ ነው።

ከበጀት የሚከፈል ዕድል ከመንግሥቱ ፖለቲካ ጋር አብሮ ይነቃነቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ ልውውጥ የሚሰጠውን ገንዘብ ለጊዜው ባገደ ጊዜ፥ በትምህርት ላይ የነበሩ የፉልብራይት ተማሪዎች አበላቸው ሳይደርሳቸው ተጨንቀዋል። ስለዚህ ሙሉ ዕድል ያገኘ ተማሪ እንኳ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃ የራሱ መጠባበቂያ ቢኖረው ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ዘላቂ ካፒታል ነው። በአልማዝ ንግድ የበለጸገው ሲሲል ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሞት በኑዛዜው ገንዘቡን ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተወ። ሮድስ በደቡባዊ አፍሪካ ሕዝብ ላይ የፈጸመው በደል እስከ ዛሬ የሚነቀፍ ቢሆንም፥ የተወው ገንዘብ ግን ከመቶ ዓመት በላይ እየሠራ ነው። ሴቶች እንዲወዳደሩበት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የየትኛውም ሀገር ዜጋ ሊወዳደርበት የሚችል ክፍል ተጨምሮበታል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2000 የቢልና የሜሊንዳ ጌትስ ድርጅት ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ 210 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ጌትስ ካምብሪጅ የሚባለው ዕድል ተቋቁሟል። የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ሥራው ቀላል ነው፤ ዋናው ካፒታል አይነካም፥ ተማሪው የሚማረው በትርፉ ነው። በመሆኑም የአንድ መንግሥት በጀት ሲቀነስ እንደሚሆነው በድንገት አይቋረጥም።

፫ኛ፤ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ከሆኑት ዋና ዋና ዕድሎች

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «ዕድሉ ለኢትዮጵያ ዜጎች ክፍት ነውን?» የሚለው ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለኮመንዌልዝ አባል ሀገሮች ዜጎች ስለሆነ፥ ኢትዮጵያም አባል ስላልሆነች፥ ኢትዮጵያዊ ለእርሱ ማመልከቻ ሲጽፍ መሰንበቱ ድካም ብቻ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቨኒንግ እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረ ሲሆን ለአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ነው። አመልካቹ ሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ሊኖረው ይገባል፤ በማመልከቻውም ላይ ሦስት የትምህርት ምርጫዎችን ያቀርባል። የነጋዴ ልጆች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ለንግድ አስተዳደር ማስተርስ፥ ማለት ለኤም.ቢ.ኤ.፥ የሚከፈለው ገንዘብ ጣራ ስላለው ክፍያው ከዚያ በላይ የሆነ እንደሆነ ልዩነቱን የሚችለው ተማሪው ነው።

የጀርመን የአካዴሚ ልውውጥ ድርጅት፥ በአጭሩ ዳአድ የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1925 በሃይደልበርግ የተመሠረተ ነው። ከሚሰጣቸው ዕድሎች መካከል ከልማት ጋር ለተያያዙ የማስተርስ ትምህርቶች የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያን የሚጠቅም ነው። ይህም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከተገኘ ከስድስት ዓመት ያልበለጠው ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ቸኩሎ የሚያመለክትም ብዙ የሚዘገይም ሁለቱም ይቀራሉ።

ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ዕድል እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ሲሆን፥ ተማሪው በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ሀገሮች በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወረ ማስተርሱን ይማራል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 ባለው የበጀት ዘመን ዕድሉ ለተማሪው በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ድረስ ይሰጣል፤ የትምህርቱም ክፍያ ይቀርለታል። ነገር ግን የአውሮፕላኑ፥ የቪዛውና የመቋቋሚያው ወጪ ሁሉ ከዚሁ 1,400 ዩሮ የሚወጣ መሆኑ መታወቅ አለበት። የመጀመሪያውን ቲኬት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የጃፓን መንግሥት ዕድል እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሚሰጥ ነው። ከላይ ከተጠቀሱት የሚለየው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ለጨረሱ ወጣቶችም ክፍት በመሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄደው ተማሪ የአንድ ዓመቱን የቋንቋ ትምህርት ጨምሮ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ይቆያል። የቱርክ መንግሥት ዕድልም እንደዚሁ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን፥ የትምህርት ክፍያን፥ የመኝታ ቤትን፥ የወር አበልን፥ የጤና መድንን፥ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትንና የመሄጃና የመመለሻ ቲኬትን ያጠቃልላል። ዕድሜም ይወሰናል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21፥ ለማስተርስ ከ30፥ ለዶክትሬት ከ35 ዓመት በታች መሆን ግድ ነው።

፬ኛ፤ የቤተሰብን ገቢ ስለሚጠይቁ ኮሌጆች

በአሜሪካ አገር ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው እርዳታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በተማሪው ችሎታ፥ ሁለተኛው በቤተሰቡ ችግር ላይ የተመሠረተ ነው። ሃርቫርድ፥ የል፥ ፕሪንስተን፥ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት የውጭ ሀገር ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል ችሎታውን አይመለከቱም፤ ከተቀበሉት በኋላ ግን ቤተሰቡ ሊከፍል የሚችለውን መርምረው የጎደለውን ራሳቸው ይሞላሉ። የነጋዴው ወላጅ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጁ የቤተሰቡን ገቢ፥ ንብረትና ዕዳ የሚያስረዳ መግለጫ ይጠይቃል፤ የንግድ ሥራ ያለው ቤተሰብም የሱቁን የሽያጭና የወጪ ሂሳብ፥ የግብር ደረሰኝና የባንክ መግለጫ እንዲያቀርብ ሊታዘዝ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ። አንዱ ነጋዴ ልጁ እርዳታ እንዲበዛለት ብሎ ገቢውን አሳንሶ ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ የቪዛ መኮንኑ ሀብታም ነው እንዲለው ብሎ ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ የባንክ ሂሳቡን ለጥቂት ቀን ያሳብጣል። ሁለቱ ወረቀቶች ግን አንድ ቀን ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ። ለኮሌጁ ድኻ፥ ለኤምባሲው ሀብታም የሆነ ቤተሰብ በሁለቱም ዘንድ እምነት ያጣል፤ ኮሌጁ እርዳታውን ሊሰርዝ፥ ተማሪውንም ሊያስወጣ ይችላል። የሂሳብ መዝገቡን በትክክል የሚይዝ ነጋዴ ጥቅሙን ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር ባለው ነገር ብቻ ሳይሆን በልጁ የትምህርት ጉዳይም ያገኘዋል የሚባለው ስለዚህ ነው።

፭ኛ፤ ስለ መመለስ ግዴታ

አንዳንድ ዕድሎች ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ሀገሩ እንዲመለስ ያስገድዳሉ። ቼቨኒንግ የተማረ ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ ሀገሩ ተመልሶ ሊቀመጥ ይገባዋል። በፉልብራይት ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ የሚሰጠው ቪዛ ጄ ዋን የሚባለው ሲሆን፥ በዚህ ቪዛ በመንግሥት ገንዘብ የተማረ ሰው ሁለት ዓመት በሀገሩ ሳይቀመጥ በአሜሪካ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ወይም የተወሰኑ የሥራ ቪዛዎችን ሊያገኝ አይችልም።

ይህን ግዴታ እንደ ጉዳት የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። ልጁ ተምሮ መጥቶ የቤተሰቡን ንግድ እንዲያስፋፋለት ለሚመኝ አባት ግን ከዚህ የሚሻል ዋስ አይገኝም። ዋናው ነገር አባትና ልጅ ስለዚህ ጉዳይ ፊርማው ከመፈረሙ በፊት በግልጽ መነጋገራቸው ነው። አባት ልጁ እንደሚመለስ አስቦ፥ ልጅ እንደሚቀር አስቦ የተጀመረ ትምህርት መጨረሻው ቅያሜ ነው።

፮ኛ፤ ስለ ሰነድና ስለ ጊዜ

በባንክ መተማመኛ ሰነድ ላይ የተጻፈው ስም ከጭነት ሰነዱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ባንኩ ክፍያውን እንደሚያግድ ላኪዎችና አስመጪዎች ያውቃሉ። የተማሪም ሰነድ እንደዚሁ ነው። የኢትዮጵያውያን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፥ በሌላው ሌላ ዓይነት እየሆነ፥ በፓስፖርቱና በትራንስክሪፕቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ ጉዳዩ ይጓተታል። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲመለስ በስምንት ዓመት ፈንታ ሰባት፥ በሰባትም ፈንታ ስምንት እየተጨመረ ይሳሳታል። ልጁ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ፓስፖርቱ ቢወጣለትና የቀሩት ሰነዶች ሁሉ የፓስፖርቱን አጻጻፍ እንዲከተሉ ቢደረግ ብዙ ድካም ይቀራል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ተመራቂ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተደነገገው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ዕዳ አለበት። ዋናውን ዲግሪ ከመውሰዱ በፊት ይህ ዕዳ እልባት ማግኘት ስላለበት፥ ነገሩን ማመልከቻው በሚዘጋበት ሳምንት ሳይሆን አስቀድሞ መጨረስ ይበጃል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የሆኑት የቶፍልና የአይልትስ ውጤቶች የሚያገለግሉት ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፥ ያለጊዜው መፈተንም ያለጊዜው ገንዘብ ማውጣት ነው።

ስለ ሥራ ልምድ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በአባቱ ሱቅ ወይም መጋዘን አምስት ዓመት የሠራ ልጅ የንግድን ሥራ ከማንም ይበልጥ ያውቅ ይሆናል። የሥራ ውል፥ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፥ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ማስረጃ ከሌለው ግን ያ ሁሉ ልፋት በወረቀት ላይ የለም። ለቼቨኒንግም ለዳአድም የሚያስፈልገው የሁለት ዓመት ልምድ በሰነድ የሚታይ ነውና፥ ልጁን በሱቁ የሚያሠራ አባት እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ውል ሰጥቶ፥ ከደመወዙ 7 ከመቶ፥ ከራሱ ደግሞ 11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ እየከፈለ ቢይዘው፥ ለልጁ ጥሩ የምስክር ወረቀት አዘጋጀለት ማለት ነው። ይህ ለሌሎቹም ሠራተኞች መብታቸው ነው። አሠሪው ለሠራተኛው የሚጽፈው የምስክርነት ደብዳቤም «ታታሪና ታማኝ ነው» ከሚለው አልፎ፥ ሠራተኛው የሠራውን ሥራና ያስገኘውን ውጤት በዝርዝር ቢገልጽ ዋጋ ያገኛል።

ማመልከቻ የሚቀርብበት ጊዜ እንደ ዕድሉ ይለያያል። ቼቨኒንግ ብዙውን ጊዜ በነሐሴ አካባቢ ተከፍቶ በመስከረም ማብቂያ ወይም በጥቅምት ይዘጋል። የኢራስመስ ሙንዱስ ትምህርቶች አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያስገባሉ። የቱርክ ዕድል በጥርና በየካቲት፥ የጃፓኑ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በኤምባሲው በኩል ይጠየቃል። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከሰጪው ከራሱ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ማመልከቻው ከቀረበ አንድ ዓመት ያህል ቈይቶ ስለሆነ፥ ዘንድሮ ልሂድ የሚል ሰው አምና መነሣት ነበረበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

፯ኛ፤ ስለ ደላሎች

በንግድ ሥራ ደላላ ጥቅም አለው፤ ገዢና ሻጭ ያገናኛል፥ ዋጋም ያስማማል። በነፃ ትምህርት ዕድል ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። ሰጪው መንግሥት ወይም ድርጅት ማስታወቂያውን በይፋ ያወጣል፤ ተማሪው በቀጥታ ያመለክታል። ፉልብራይትም፥ ቼቨኒንግም፥ የጃፓንና የቱርክ መንግሥታት ዕድሎችም ለማመልከቻ ገንዘብ አያስከፍሉም። ስለዚህ «ቀብድ ክፈልና ዕድሉን አስይዝልሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው የራሱ ያልሆነ ዕቃ ነው።

ሐሰተኛው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በሚከተሉት ምልክቶች ይታወቃል። ተማሪው ያላመለከተበትን ዕድል «አሸንፈሃል» ይለዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘብ ካልላክህ ዕድሉ ያልፍሃል እያለ ያጣድፋል፤ ገንዘቡም የሚላከው በዩኒቨርሲቲው ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ነው፤ ደብዳቤው የተላከበት አድራሻም የዩኒቨርሲቲው አይደለም። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሲታይ፥ ወላጁ የዩኒቨርሲቲውን የመዝጋቢ ጽሕፈት ቤት በራሱ በፈለገው አድራሻ፥ ማለት በደብዳቤው ላይ ባልተጻፈው፥ ጠይቆ ሊያረጋግጥ ይገባል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ትራንስክሪፕት ወይም የሥራ ማስረጃ አስመስሎ የሚሠራው ነው። ገንዘብ የተበላበት ሰው ገንዘቡን መልሶ ያፈራል፤ በሐሰተኛ ሰነድ ያመለከተ ወጣት ግን ስሙ በኤምባሲው መዝገብ ከተበላሸ በኋላ በእውነተኛ ሰነድ እንኳ ቢመጣ የሚያምነው ያጣል። ማመልከቻውንና ድርሰቱን ደላላ ጽፎለት ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ተማሪም ስለ ጻፈው ነገር ሲጠየቅ የሚመልሰው አይኖረውም።

፰ኛ፤ ነጋዴው ራሱ ሰጪ ስለሚሆንበት መንገድ

ኢትዮጵያ የነፃ ትምህርት ዕድል ተቀባይ ብቻ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1958 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥተው፥ የኬንያ፥ የናይጄሪያና የሌሎችም ሀገሮች ልጆች አዲስ አበባ መጥተው ተምረዋል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2017 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ባደረገው ስምምነት አካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች የሚጨምር የነፃ ትምህርት ፕሮግራም ተጀምሯል። ከዚህ የሚታየው፥ ለትምህርት ዕድል ሁልጊዜ ባሕር መሻገር አስፈላጊ አለመሆኑን ነው።

ለነጋዴ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የሕንዱ ነጋዴ የጃምሴትጂ ታታ ሥራ ነው። ታታ በአባታቸው የንግድ ቤት ሠርተው፥ በኋላም የጥጥ ፋብሪካ አቋቁመው የበለጸጉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1892 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄዱ የሕንድ ወጣቶች አንድ ገንዘብ አቋቋሙ። ገንዘቡን ግን በስጦታ ሳይሆን በብድር መልክ እንዲሰጥ አደረጉት። ተማሪው ተምሮ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ የከፈለውም ገንዘብ ለሚቀጥለው ተማሪ ይበደራል። በዚህ ገንዘብ ከተማሩት መካከል እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኬ. አር. ናራያናን ይገኙበታል። እርሳቸው ከድኻ ቤተሰብ፥ ያውም ማኅበረሰቡ ይንቀው ከነበረው ወገን የተወለዱ ሰው ነበሩ።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ለነጋዴ ግልጽ ነው። በስጦታ የተሰጠ ገንዘብ አንድ ተማሪ አስተምሮ ያልቃል፤ እየተመለሰ የሚበደር ገንዘብ ግን እንደ ሱቅ ካፒታል ይዞራል። የዕቁብንና የዕድርን ሥርዓት ለሚያውቅ፥ ገንዘብ በመተማመን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረበት ኅብረተሰብ፥ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ነጋዴዎች ተባብረው፥ ዳኛና ጸሐፊ መርጠው፥ ደንብ ጽፈው፥ ለአንድ ተማሪ የፈተና ክፍያ፥ የፓስፖርትና የቪዛ ወጪ፥ የመጀመሪያ ቲኬትም ቢያበድሩ፥ ያ ተማሪ ያገኘው ዕድል ስለ ቲኬት ብቻ እንዳያመልጠው ያደርጋሉ። ሙሉ ዕድል አግኝቶ የመነሻ ገንዘብ ስላጣ ብቻ የሚቀር ልጅ፥ ዕቃው ወደብ ደርሶ የማውጫ ገንዘብ እንዳጣ አስመጪ ነው።

እንግዲህ ጠቅላላው ምክር አጭር ነው። ዕድሉ ለኢትዮጵያዊ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ፤ ሙሉ ወይም ከፊል መሆኑን በጽሑፍ መለየት፤ ከፊል ከሆነ ቀሪውን በውጭ ገንዘብ ማስላት፤ የመመለሱን ግዴታ ከልጅ ጋር መነጋገር፤ ሰነዱን ከአንድ ዓመት በፊት ማሰናዳት፤ ለደላላ ገንዘብ አለመክፈል። ይህን ያደረገ ወላጅ ልጁ ዕድሉን ባያገኝ እንኳ የሚያጣው ነገር የለም፤ ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ሰነዱ ተሟልቶ እንደገና ይወዳደራልና።